የነነዌ ማግሥት

«ሁለት ቆሮሶ። ሁለቱም ሙሉ፣ ደረቅ ተደርገው የተጠበሱ» አለች እሌኒ፣ አስተናጋጁ ጠረጴዛውን ጠርጎ እንኳ ሳይጨርስ።

አስተናጋጁ ጨርቁን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ሊዞር ሲል እቴቴ ባንቻየሁ እጃቸውን ከነጠላቸው ውስጥ አውጥተው አስቆሙት።

«ለሷ ካመጣህ ይበቃል የኔ ልጅ።»

«እርስዎስ እናቴ?»

«እኔ ጾመኛ ነኝ። ዛሬ ነነዌ ገብቶ የለም እንዴ?»

«ዓሣ እኮ የጾም ነው እናቴ። እዚህ ስንቱ ጾመኛ ነው የሚበላው!»

«ለሚበላው ይሁንለት» አሉ እቴቴ እየሳቁ። «እኔ ያደግሁት ደባት ነው። እኛ ዘንድ ነፍስ የነበረው ሁሉ ሥጋ ነው።»

አስተናጋጁም ሳቀ። እሌኒ ግን አልሳቀችም። እናቷ ሸዋነሽ ዓርብ ዕለት ሽንኩርት እየከተፈች «ሰኞ ነነዌ ነው» ስትል ሰምታ ነበር። ሰምታ ነበር ማለት እንኳ ይከብዳል፤ ጆሮዋ ላይ ኤርፎን ሰክታ የእናቷ አፍ ሲንቀሳቀስ አይታለች። ዛሬ ጠዋትም እቴቴ ቁርስ ሲቀርብላቸው «ኋላ» ብለው ሲተዉ፣ መንገዱ አድክሟቸው ነው ብላ አልፋዋለች።

«የኔንም ተወው» አለችው አስተናጋጁን። «ለስላሳ ብቻ አምጣልኝ።»

«አንቺማ ብይ እንጂ፣ መንገደኛ ነሽ» አሉ እቴቴ።

«አልራበኝም።»

ርቧት ነበር። ግን ከደባርቅ ተነሥተው ባሕር ዳር ድረስ የመጡት ለዚሁ ዓሣ ነበር፤ ለእሌኒ ሳይሆን ለእቴቴ። ዓሣው ዛሬ የማይበላው ደግሞ በእሌኒ ምክንያት ነው። ይህን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

እቴቴ ባንቻየሁ የእሌኒ አያት ታናሽ እህት ናቸው። አያቷ ገና በወጣትነት ሲሞቱ የእሌኒን እናት ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ እሌኒንም እንደዚያው። እሌኒ ጡት ከተወች ጀምሮ የተኛችው በእሳቸው ጎን፣ በእሳቸው ጋቢ ውስጥ ነው። የደባርቅን ብርድ የሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ውለታ እንዳልሆነ ይረዳል።

አሁን ግን እቴቴ ሊመነኩሱ ነው። ባሏ የሞተባትና ልጆቿን ለቁም ነገር ያደረሰች ሴት በስተርጅና ቆብ መድፋቷ በአገሩ አዲስ ነገር አይደለም። ብዙዎቹ ቆባቸውን ደፍተው እዚያው ቤታቸው፣ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ይኖራሉ። እቴቴ ግን «ግማሽ መነኩሴ አልሆንም» ብለው ቁርጡን ተናገሩ። ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት፣ በቅበላው ሳምንት፣ ሊማሊሞን ወርደው፣ ዛሪማን አልፈው፣ ከአዲ አርቃይ በታች ካለ አንድ የሴቶች ገዳም ሊገቡ ነው። ሳጥናቸውን ለእሌኒ እናት፣ የብር አምባራቸውን ለእሌኒ ሰጥተዋል። ጎረቤታቸው አያ የሺዋስማ ከአሁኑ «እማሆይ፣ እንዴት አደሩ!» እያሉ በአጥር ላይ ይጠሯቸው ጀምረዋል። እሌኒ አንድ ቀን «እማሆይ አይደሉም፣ እቴቴ ናቸው!» ብላ ጮኻባቸው፣ እናቷ ይቅርታ አስጠይቃታለች። ይቅርታውን ጠየቀች እንጂ ያንን ስም በአፏ ላለመጥራት በልቧ ምላለች።

እቴቴ ከመሄዳቸው በፊት የጠየቁት አንድ ነገር ነው። «ባሕር ዳርን ዳግመኛ ልያት። ወደቡ ዳር ቁጭ ብዬ ዓሣ ልብላ። ቆብ ከደፋሁ በኋላ ዓሣም ሥጋም የለም፤ የመጨረሻዬ ነው።»

ጉዞው የታሰበው ላለፈው ሐሙስ ነበር። የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና ረቡዕ ያልቃል፣ ሐሙስ ይነሣሉ፣ ዓርብን ይጾማሉ፣ ቅዳሜ ዓሣው ይበላል፣ እሁድ ቤት ይገባሉ። ደህና ተደርጎ የታሰበ ነገር ነበር። ነገር ግን የእሌኒ የቅርብ ጓደኛ የመሰረት ልደት ቅዳሜ ዋለ። ልደቱ በሆቴል አዳራሽ፣ ዲጄ ያለበት፣ እስከ ዛሬ በደባርቅ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ዘንድ ያልታየ ልደት ነው። «ካልመጣሽ ጓደኛዬ ነሽ ብዬ አላወራም» አለቻት መሰረት። እሌኒም ቤት ገብታ ዓይኗን ሳታሽ «አንዱ ፈተና ወደ ዓርብ ተዛወረ። ቅዳሜ ደግሞ የቡድን ሥራ አለብን» አለች።

እቴቴ ትንሽ አሰቡ። ጣቶቻቸውን አንድ ሁለት እያሉ አጠፉ፣ ዘረጉ። ከዚያ «ትምህርት ይቀድማል» አሉ። «እሁድ ከቅዳሴ መልስ ብንነሣ ለራት እንደርሳለን።»

ለራት! እሌኒ አሁን ገባት። የእሁድ ራት ከነነዌ በፊት ያለችው የመጨረሻዋ ማዕድ ነበረች። እሁድ ደግሞ የተሳፈሩበት ሚኒባስ ደባትን አልፎ ወደ አምባ ጊዮርጊስ ሲቃረብ ጎማው ፈነዳ፤ መለወጫ ጎማው ራሱ የተበሳ ነበር። ሌላ እስኪመጣ ግማሽ ቀን ሄደ። እቴቴ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው፣ ወደ ፀሐይዋ ቀና ይሉ ነበር። «ምን ያስቸኩልዎታል? ነገም ቀን ነው» ብትላቸው «ነገማ ሌላ ቀን ነው» አሉ። ባሕር ዳር ሲገቡ መሽቶ ነበር።

«ምን ትተክዣለሽ?» አሉ እቴቴ አሁን። «ሐይቁን እይ እንጂ! ይኸን ያህል ውኃ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

እሌኒ አታውቅም። ጣና ከፊታቸው ተንጣሎ፣ ወዲያ ማዶው የት እንደሚያልቅ ሳይታወቅ ከሰማዩ ጋር ገጥሟል። ወደቡ ላይ ቀለማቸው የለቀቀ ጀልባዎች ጎን ለጎን ታስረው ይንጓጓሉ። አንዲት የደንገል ታንኳ ማገዶ እስከ አፏ ጭና፣ ትሰምጣለች ሲሏት ሳትሰምጥ፣ ቀስ እያለች ትመጣለች። ነፋሱ ሞቃት ነው። እሌኒ ከደባርቅ የለበሰችውን ጃኬት አውልቃ ወገቧ ላይ ካሰረች ቆይታለች፤ እቴቴ ግን ጋቢያቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው እንደ ሕፃን ይዘውታል።

«ያች ዛፍ ያኔም ነበረች» አሉ በአገጫቸው ወደ አንድ ዋርካ እያመለከቱ። «ከሥሯ አንዲት ሴት ዓሣ ትጠብስ ነበር። ሳህን የሚባል የለ፤ በጋዜጣ ነው የምትሰጥሽ። ጨውና ሎሚ፣ በቃ። እኛ ሦስት ነበርን፣ ሦስታችንም ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ፈትል ክፍል ነው የምንሠራ። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እዚህ ነን። የጎርጎራው መርከብ ሲደርስ ጡሩንባውን ይነፋል፣ እኛ ማን መጣ ማን ሄደ እያልን እንሮጣለን። የሚመጣልን ሰው ኖሮ እኮን አይደለም!»

«ከዚያ ለምን ተመለሱ?»

ይህን ታሪክ እሌኒ በጋቢው ውስጥ ሆና ብዙ ጊዜ ሰምታዋለች፤ ፋብሪካውን፣ መርከቡን፣ ብስክሌቱን። መጨረሻውን ግን ሰምታ አታውቅም። እስካሁን እንቅልፍ እየቀደማት ነው ብላ ታስብ ነበር።

«አንድ እሁድ እዚሁ ተቀምጠን፣ ዓሣው ገና ከዘይቱ ወጥቶ፣ አንድ ጊዜ ቆርሼ ጎርሻለሁ። አጎቴ እየሮጠ መጣ። ‹እናትሽ ታማለች፣ መኪናው ሊነሣ ነው፣ ተነሽ› አለኝ። ዓሣውን ጋዜጣው ላይ ትቼ ተነሣሁ። ጓደኞቼን እንኳ ደህና ሁኑ አላልኳቸው፤ በሳምንቱ የምመለስ መስሎኛል። እናቴን ደረስኩባት፤ ከዚያ አፈር አለበስናት፣ ከዚያ ለታናናሾቼ እናት ሆንኩ፣ ከዚያ ዳሩኝ። በቃ። ደባትና ባሕር ዳር የአንድ ቀን መንገድ ነው። ‹ባሕር ዳር የት ይሄዳል፣ ለዓመት› እላለሁ። ዓመቱ ሲመጣ ደግሞ ለዓመት። ይኸውልሽ ለዓመት ስል ጸጉሬ ሸበተ።»

እሌኒ የለስላሳውን ጠርሙስ በሁለት እጇ ያዘች። አሁን ልንገራቸው? ብትናገር ምን ሊፈይድ? ነነዌ አንዴ ገብቷል። ረቡዕ ጠዋት ደግሞ ይመለሳሉ። ረቡዕ የሚመለሱትም በእሷው ምክንያት ነው። ሐሙስ የትምህርት ቤታቸው የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ሳንካበር ይወጣል። ፈረንጅ ከዓለም ዳርቻ ድረስ መጥቶ የሚያየውን ተራራ፣ ደባርቅ ተወልዳ ያደገችው እሌኒ የምታውቀው በሆቴሎቹ ግድግዳ ላይ በተለጠፈው ፖስተር ነው። ከዓመት ዓመት ስትመኘው የኖረችው ጉዞ ነው፤ መኪናው የሚነሣው ሐሙስ ማለዳ ነው።

በማግሥቱ ማክሰኞ ከተማዋን ዞሩ። ያስጠጋቸው ፀጋው የእቴቴ የወንድም ልጅ ነው፤ በባጃጁ እያዞረ፣ ሲሻው እያቆመ፣ በየመታጠፊያው «ይኸንንስ ያውቁታል?» ይላል። እቴቴ አብዛኛውን አያውቁትም። የተከራዩበት ቤት የነበረበት ቦታ ባለመስታወት ሕንፃ ሆኗል። ከፊቱ ቆመው አንገታቸው እስኪደክም ወደ ላይ አዩና «ቤታችን አድጋለች» አሉ። ፀጋው በሳቅ ፈነዳ። እሌኒም ሳቀች።

ፋብሪካው በር ላይ ግን እቴቴ አልቀለዱም። የሥራ መውጫ ሰዓት ሆኖ ወጣት ሴቶች ተጠላልፈው፣ ተገፋፍተው፣ እየጮኹ ሲወጡ አንድ ባንድ ፊታቸውን አዩ። ሰው የሚፈልጉ ይመስሉ ነበር። እንባቸው ሲወርድ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉትና «አቧራው ነው» አሉ። አቧራ አልነበረም፤ ደጁን ውኃ ረጭተውበት ነበር።

ዘንባባ በተተከለበት መንገድ ሲመለሱ አንድ ልጅ ብስክሌቱን ግንድ ላይ አስደግፎ ሎሚ ሲገዛ አዩ። እቴቴ ባጃጁን አስቆሙ። ወረዱና መሪውን ዳበሱት፣ ኮርቻውን ዳበሱት፣ ከዚያ ደወሉን ቅጭል፣ ቅጭል አደረጉት።

«መንዳት ይችላሉ እማማ?» አለ ልጁ ዓይኑን አፍጥጦ።

«ሁለት እጄን ለቅቄ!» አሉ። «ጉልበቴ ነው ያመፀው እንጂ ልቤማ አሁንም ይነዳል።»

እሌኒ እቴቴ ይህን ያህል ልጅ ሆነው አይታቸው አታውቅም። በደባርቅ እቴቴ ማለት ሲመክሩና ሲያስታርቁ የሚኖሩ ሰው ናቸው። እዚህ ግን ዓሣዋን ሳትጨርስ የተነሣችው ልጅ በየመንገዱ ብቅ ትላለች። ያችን ልጅ ሳያበሉ ይዞ መመለስ ነውር ነው፣ ብላ አሰበች። ሐሙስ ማለት እኮ ከነገ ወዲያ ነው። አንድ ቀን ቢቆዩ ጾሙ ይፈታል።

ቤት ደርሰው፣ እቴቴ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ሽሯቸውን እየበሉ ሳለ ስልኳ ጠራ። መሰረት ናት። እሌኒ ወደ ግቢው ወጣች።

«አንቺ የት ጠፋሽ? ሐሙስ ጠዋት ነው እኮ! መስኮት ጋ ወንበር ይዤልሻለሁ።»

«መሲ፣ ምናልባት…»

«ምን ምናልባት? ከቀረሽ በዚህ ዓመት ሌላ የለም። ሙድ አትያዢብኝ በናትሽ።»

«ነገ እደውልልሻለሁ» ብላ ዘጋችው።

ፀጋው ባጃጁን እያጠበ ነበር። እሌኒ ጠጋ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ፀጋው፣ የነገው መኪና ሞልቷል ብለህ ንገራቸው። ሐሙስ ከሰዓት እንጂ ወንበር የለም በል። እሳቸው የኔን ጉዞ ስለሚያውቁ እሺ አይሉም። ዓሣውን ሳይበሉ እንዳይሄዱ ነው።»

«ለዚህማ ምን ችግር አለ!» አለ ፀጋው እጁን እያደራረቀ። «ሞልቷል ነው የምላቸው፤ ለመልካም ነገር አይደል?»

ተያይዘው ገቡ። እቴቴ እጃቸውን ታጥበው፣ ግድግዳውን ተደግፈው፣ ዘንቢላቸውን ከወዲሁ እያስተካከሉ ነበር። ከላይ ለእሌኒ እናት የገዙት የሎሚ ከረጢት ተቀምጧል።

«መኪና አገኘህልን ፀጋው? በጠዋቱ ይሁን። ይህች ልጅ ሐሙስ ተራራዋን ልታይ ነው።»

«አዬ እቴቴ፣ ለካ የነገው መኪና…»

ቀላል ነበር። አንዲት ቃል ብቻ ነበረች የቀረችው። ባለፈው ሳምንትም እንዲህ ቀላል ነበር፤ እቴቴ «ትምህርት ይቀድማል» ብለው ጣቶቻቸውን አጣጥፈው ነበር። አሁንም ያምኑታል። «እንግዲህ ምን ይደረግ» ይሉና ይቀመጣሉ። እሌኒ የሚያምነውን ፊታቸውን አየችና አልቻለችም።

«አልሞላም» አለች። «የነገው መኪና አልሞላም። እኔ ነኝ ሞልቷል በል ያልኩት።»

ፀጋው አፉ ክፍት እንደሆነ ቀረ። እቴቴ ከእሌኒ ወደ ፀጋው፣ ከፀጋው ወደ እሌኒ አዩ።

«ፈተናውም አልተዛወረም ነበር» አለች እሌኒ። አንዴ ከጀመረች በኋላ ማቆም አቃታት። «ረቡዕ ነው ያለቀው። የቡድን ሥራም አልነበረም። የመሰረት ልደት ነበር። ልደቷ ላይ ልገኝ ብዬ ነው የዋሸሁት። ሐሙስ ብንነሣ ኖሮ ቅዳሜ ይበሉ ነበር። ነነዌ መሆኑን አላወቅኩም እቴቴ፤ ባውቅም እንጃ…»

ፀጋው ቀስ ብሎ ወደ ባጃጁ ተመለሰ። እሌኒ ወለሉን ታያለች። ስድብ ቢመጣ፣ ተግሣጽ ቢመጣ ደስ ባላት ነበር፤ እቴቴ ግን የሎሚውን ከረጢት ፈትተው እንደገና አሠሩት።

«ልደቱ ጥሩ ነበር?» አሉ በመጨረሻ።

«እንዴ?»

«ልደቱን ነው የምልሽ። ደስ ይል ነበር?»

እሌኒ ሌላ ውሸት እንዳይጨመር ፈራች። «ደስ ይል ነበር» አለች፣ እንባዋ ዱብ ዱብ እያለ።

«እንኳን! ደስ ባይልሽማ ሁለታችንም ከስረን ነበር።»

ከዚያ በእጃቸው መደቡን መታ መታ አደረጉላት፤ አጠገባቸው ተቀመጠች። ጋቢውን ሳብ አድርገው ትከሻዋ ላይ ጣሉት፤ ባሕር ዳር እየሞቀም ጋቢያቸው የደባርቅን የብርድ ቀን ይሸታል።

«ተቀይሜሻለሁ» አሉ። «ስለ ዓሣው አይደለም። እቴቴ፣ ልደት አለብኝ ብትዪኝ እኮን እሺ እል ነበር። በአንቺ ዕድሜ ለጭፈራ ስንት ነገር አድርጌያለሁ። ያስቀየመኝ እንደማልፈቅድልሽ ማሰብሽ ነው።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«እግዚአብሔር ይቅር ይበልሽ። አሁን ለፀጋው ንገሪው፣ የጠዋቱን መኪና ይያዝልን። እኔ ዓሣ በልቼ አውቃለሁ፤ አንቺ ሳንካበርን አይተሽ አታውቂም። የቅርብን ነገር ለዓመት ማለት ምን እንደሚያመጣ አይተሻል።»

እሌኒ ዓይኗን ጠረገች። ስታስበው እቴቴ ልክ ናቸው። መሰረት መስኮት ጋ ትቀመጣለች፣ ሌሎቹ ይዘፍናሉ፣ ጭላዳዎቹ በየገደሉ ይታያሉ፤ ሰኞ ትምህርት ቤት ሲከፈት ወሬው ሁሉ የሐሙስ ነው፣ እሷ ደግሞ አፏን ይዛ ትሰማለች። ያንገበግባታል። ከአሁኑ ያንገበግባታል።

«ሳንካበር የትም አይሄድም» አለች። «እርስዎ ግን ይሄዳሉ።»

እቴቴ የእሌኒን ራስ ወደ ደረታቸው ሳብ አደረጉ።

እሌኒ እዚያው ጋቢው ውስጥ ሆና መሰረት ጋ ደወለች። «መሲ፣ ወንበሬን ለሌላ ሰው ስጪው።»

«እየቀለድሽ ነው?»

«ሐሙስ ከእቴቴ ጋር ዓሣ እበላለሁ።»

«ለዓሣ ብለሽ? ነካ አደረገሽ እንዴ ልጅት?» የመሰረት ድምፅ ቀዘቀዘ። «እሺ እንግዲህ። እንደፈለግሽ።» ስልኩ ተዘጋ። መሰረት ለስንት ቀን እንደምታኮርፍ እሌኒ ታውቃለች፤ ልደቷን ያህል ትልቅ ኩርፊያ ነው የሚሆነው።

ሐሙስ ጠዋት ወደቡ ላይ ሲደርሱ ገና ማንም አልነበረም። አስተናጋጁ ወንበሮቹን ከጠረጴዛዎቹ ላይ እያወረደ ነበር። ሲያያቸው ጨርቁን ትከሻው ላይ ጣለና «ነነዌ ተፈታ እናቴ?» አለ።

«ተፈታ! ሁለት ቆሮሶ አምጣ። ሁለቱም ሙሉ» አሉ እቴቴ። «ደግሞ ጋዜጣ ካለህ በጋዜጣ አድርገህ ስጠን።»

ጋዜጣ አልነበረም። ሰው አሁን ጋዜጣ አያነብም። አስተናጋጁ ግን ከወጥ ቤቱ ንጹሕ የስኳር መጠቅለያ ወረቀት ፈልጎ፣ ሳህኑ ላይ አንጥፎ አመጣው። ዓሦቹ ጅራታቸው ወደ ላይ ተጠማዞ፣ ዘይታቸው ገና እየተንቸሰቸሰ ነበር። እቴቴ አማተቡ። ሎሚውን ጨመቁ። ከጀርባው በኩል ቆርሰው ጎረሱና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

እሌኒ ሳትነካ ጠበቀች።

«እንዴት ነው?»

እቴቴ አላምጠው እስኪጨርሱ አልቸኮሉም። «ያኔ የበለጠ ይጣፍጥ ነበር» አሉ። የእሌኒ ፊት ሲጠቁር አዩና ሳቁ። «ወይ ደግሞ ያኔ የበለጠ ይርበን ነበር። ብይ፣ ሳይቀዘቅዝ!»

ከዚያ ያለ ወሬ በሉ። እቴቴ አጥንት አጥንቱን እየለዩ፣ ጣታቸውን እየላሱ፣ አንዲት ፍንካች ሳያስቀሩ በሉ። የጉንጩን ሥጋ ግን ለብቻ አወጡት። «ይህን ሁልጊዜ እንጣላበት ነበር፣ ሦስታችንም» አሉና ለእሌኒ አጎረሷት። ወረቀቱ ላይ የቀረው የዓሣው አከርካሪ ብቻ ነበር፤ እቴቴ ወረቀቱን በአራት አጣጥፈው ከፊታቸው ራቅ አደረጉት። እጃቸውን በሎሚ ልጣጭ አሽተው ታጠቡ። ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አደረጉና ወንበራቸውን ወደ ሐይቁ አዙረው ተቀመጡ።

ጀልባዎቹ መነሣት ጀምረው ነበር። በዚህ ሰዓት የእነ መሰረት መኪና ሳንካበር ደርሷል። እሌኒ ይህን ስታስብ አሁንም አንገበገባት፤ ግን እቴቴን አየች፣ ትከሻቸው እንዲህ ዘና ብሎ አይታው አታውቅም። ከኋላ የፀጋው ባጃጅ ጡሩንባውን ነፋ። የጎንደሩ መኪና ሊሞላ ነው ማለት ነው። ጎንደር፣ ከዚያ አምባ ጊዮርጊስ፣ ደባት፣ ደባርቅ። ከዚያ ደግሞ በቅበላው ሳምንት ሊማሊሞን ወደ ታች። ያን ቀን እናቷ ታለቅሳለች፣ አያ የሺዋስም ያለቅሳሉ። ከዚያ ቀን በኋላ እቴቴ ባንቻየሁ ብሎ የሚጠራቸው አይኖርም። በአዲሱ ስም ከቤተሰቡ መጀመሪያ የሚጠራቸው ማን እንደሚሆን እሌኒ እስከ ዛሬ አስባበት አታውቅም ነበር።

ተነሥታ ከወንበራቸው አጠገብ ቆመች።

«እማሆይ» አለች።

እሳቸው አልዞሩም፤ ሌላ ሰው የተጠራ መስሏቸው ነበር።

«እማሆይ፣ ይነሡ። መኪናው እንዳያመልጠን።»

አሁን ዞሩ። ብዙ አዩዋት። ከዚያ አንድ እጃቸውን ከጋቢው ውስጥ አውጥተው ዘረጉላት፣ እሌኒም ደግፋ አስነሣቻቸው።